የሞቀ ሞተር እምቢታ
የአንድ አሮጌ ችግር ታሪክና ትምህርቱ

የአውቶሞቢል ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ፍጥነት፣ ጉልበትና የዝነኛ ፈልሳፊዎች ስም ነው። ሞተር ተነሥቶ ስለ መሄዱ ብዙ ይባላል፤ ቆሞ እንደገና ስለ መነሣቱ ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ይሁንና በጋራዥ ሥራ ላይ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደርሱት ችግሮች ሁሉ ባለሙያውን ይበልጥ የሚያሳፍረው ይኸው ነው። መኪናው ጠዋት በብርድ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሣል፤ መንገዱንም ያለ እንከን ይጨርሳል። ባለቤቱ ለሩብ ሰዓት ያህል አቁሞት ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ግን ሞተሩ አልነሣም ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ምንም ሳይነካው እንደ ጠዋቱ ይነሣል። ወደ ጋራዥ በሚደርስበት ጊዜ ሕመሙ የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ በሽታውን የሚደብቀው መኪናው ራሱ ነው። ስለሆነም ጠጋኙ በግምት ይሠራል። በመጀመሪያ ባትሪ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ቦቢና፣ ከዚያም ፖምፓ፣ በመጨረሻም ካርቡሬተር። ባለንብረቱ ገንዘቡን ይከስራል፤ ደኅና የነበረው ዕቃ ይጣላል፤ ሞተሩም በሚቀጥለው ሞቃት ቀን እንደገና እምቢ ይላል። የተጣለው ዕቃ ዛሬ በፋብሪካ የማይሠራ በሚሆንበት ጊዜ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል፤ የማይተካ ነገር ጠፍቷልና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከወዴት እንደ መጣ በታሪክ ማሳየት ነው። ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው እውነት አንድ ነው። የሞቀ ሞተር እምቢታ በእርጅና ብቻ የሚመጣ ድክመት አይደለም። ሌሎች ችግሮችን ለማስወገድ ሲባል በየጊዜው ከተደረጉት መሻሻሎች ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትነት መሣሪያ በነበረበት ጊዜ

ካርል ቤንዝ በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ የሠራውና በጃንዋሪ 1886 የፈጠራ ባለመብትነት የጠየቀበት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚነሣው ከኋላ በኩል የተጋደመውን ትልቅ መዘውር በእጅ በማዞር ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየፈላ በመትነን ሙቀቱን ይዞ ይሄድ ስለነበር በየመንገዱ መጨመር ነበረበት። ነዳጁም ቢሆን ወደ ሲሊንደር የሚገባው ከማጠራቀሚያው ላይ በተን እያለ ከአየር ጋር በመቀላቀል ነበር። ባለቤቱ በርታ ቤንዝ በኦገስት 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርጽሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በተጓዘችበት ጊዜ ነዳጅ የሚሆናትን ሊግሮይን የገዛችው በቪስሎኽ ከተማ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ነው። የነዳጁ መስመር በተዘጋባት ጊዜም በባርኔጣዋ መርፌ እንደ ከፈተችው ይነገራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ የመጀመሪያ መኪና ላይ የነዳጅ መትነን ተፈላጊ ነበር፤ ያለ እርሱ ሞተሩ አይሠራም ነበር። ዊልሄልም ማይባኽ በ1893 በተንሳፋፊ የሚቆጣጠርና ነዳጁን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡሬተር ከሠራ በኋላ ግን ሥርዓቱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን እስከ መርጫው ቀዳዳ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት፣ ከቀዳዳው ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ተን መለወጥ ይጠበቅበታል። የሞቀ ሞተር ችግር አብዛኛው ይህ ድንበር ሲፈርስ የሚመጣ ነው። ቤንዚኑ ገና ፈሳሽ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ተን ይሆናል።

ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ይህን ድንበር ሳይቸገር የሚጠብቅ መኪና ነበር። የቤንዚን ታንኩ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል፤ ፖምፓ የሚባል ነገር የለውም። ካርቡሬተሩም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቤንዚኑ ሞልቶ ቢፈስ የሚንጠባጠበው ወደ መሬት እንጂ ወደ ሲሊንደሮቹ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር የራሱ ችግር ነበረው። ቤንዚኑ በጎደለ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት ቢያጋጥም ታንኩ ከካርቡሬተሩ በታች ይውልና ነዳጅ ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት አሽከርካሪዎች መኪናቸውን አዙረው ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጡ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሞዴል ኤ ታንኩን ከአሽከርካሪው ጉልበት ፊት ከፍ አድርጎ በማስቀመጥ ይህን አስወገደ፤ ዳሩ ግን በርካታ ሊትር ቤንዚን በተሳፋሪው ጉያ እንዲቀመጥ አደረገ።

ቤንዚኑ ወደ እሳቱ ሲቀርብ

በ1932 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ይዞ መጣ። ታንኩ ወደ መኪናው ኋላ ተዛወረ፤ ነዳጁን ከኋላ የሚስብ ሜካኒካዊ ፖምፓም ተጨመረ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው አባባል ግን እዚህ ላይ በቦታው ይገባል። በክብደቱ የሚወርድ ነዳጅ ከኋላው ይገፋል፤ በፖምፓ የሚሳብ ነዳጅ ግን በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያነሰ ነው። ግፊት ባነሰ መጠን ደግሞ ፈሳሽ ፈጥኖ ይፈላል። በዚያ ላይ ፖምፓው የተተከለው በሞተሩ አናት ላይ ከካርቡሬተሩ ጀርባ ሲሆን፣ የጭሱ መውጫም በሞተሩ አካል ውስጥ በማቀዝቀዣው ውሃ መካከል ያልፍ ነበር። ስለዚህ ይህ ሞተር በጉልበቱና በርካሽ ዋጋው የተመሰገነውን ያህል በሙቀቱም ስሙ ይነሣ ነበር።

በእነዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ሌላ ለውጥም ተስፋፋ። አየሩ ከታች ወደ ላይ የሚሳብበት ካርቡሬተር ቀርቶ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ዓይነት የተለመደ ሆነ። ለጉልበት ይህ የሚበጅ ነበር። ሆኖም ካርቡሬተሩ በትኩሱ የማስገቢያ ቧንቧ ላይ እንደ ድስት በምድጃ ላይ ተጣደ። ቀድሞ ወደ መሬት ይፈስ የነበረው ትርፍ ቤንዚንም ከእንግዲህ ወዲህ የሚወርደው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሮቹ ሆነ።

ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ይህ ሁሉ አይታወቅም። ቬንትሌተሩ አየር ይነፋል፤ ውሃው ይዘዋወራል፤ ከታንክ የሚመጣው ቀዝቃዛ ቤንዚንም በሚያልፍበት ሁሉ ሙቀት እየወሰደ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዘጋ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ብረቱ ግን ትኩስ ነው፤ ሙቀቱም ከቴስታታውና ከጭስ መውጫው ወደ ካርቡሬተሩና ወደ ፖምፓው ይወጣል። በዚህ ምክንያት ካርቡሬተር ይበልጥ የሚግለው መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ሳይሆን ከቆመ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ እንደ መሆኑ መጠን ቀለል ያሉት ክፍሎቹ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ይቆያሉ። እንግዲህ የሩብ ሰዓቱ ምስጢር ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ የቆመ መኪና ይነሣል፤ ሌሊቱን ያደረም ይነሣል፤ የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ጥም ነው። በመስመሩና በፖምፓው ውስጥ ያለው ቤንዚን ተን ይሆንና ፖምፓው ፈሳሽ መሳብ ትቶ አረፋ ያመላልሳል፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚደርስ ነገር የለም። ሁለተኛው መስጠም ነው። በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና በመርጫው በኩል ገንፍሎ ወደ ማስገቢያው ቧንቧ ይወርዳል፤ ካንዴላዎቹ ይረጥባሉ። ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይያዝም። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የሚሰጠው ፈውስ ሌላውን ያብሰዋል። የተጠማውን ሞተር የሚረዳው የነዳጅ መርገጫውን ደጋግሞ መምታት የሰጠመውን ይበልጥ ያሰጥመዋል።

ሞተሪኖ የተሠራው ለአፍታ ነው

ሦስተኛው የሕመም ምንጭ ከነዳጅ ጋር አይገናኝም። ሞተር በማኖቬላ በሚነሣበት ዘመን ማኖቬላው በድንገት ወደ ኋላ ተመልሶ የብዙ ሰዎችን ክንድ ሰብሯል። ከዚህ መከራ ያዳነው በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ነው። ሥራው በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴይተን ከተማ ይሠራ የነበረው የቻርልስ ኬተሪንግና የባልደረቦቹ ነበር። ኬተሪንግ አስቀድሞ የገንዘብ መቀበያ መሣሪያን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ መሐንዲስ ነው። በዚያ ሥራ የተረዳው ቁም ነገር፣ አንድ ትንሽ ሞተር ሳያቋርጥ እንዲሠራ ካልተፈለገ በስተቀር ለጥቂት ሰኮንዶች ከዐቅሙ በላይ መሸከም የሚችል መሆኑን ነው። ብዙዎች መኪና ለማስነሣት መኪናውን የሚያህል ሞተር ያስፈልጋል ሲሉ፣ እርሱ በአፍታ ጉልበት አስነሣው።

ይህ ብልኃት እስከ ዛሬ የሞተሪኖ ሁሉ መሠረት ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ለአፍታ የተሠራ ዕቃ ከጋለ የጭስ መውጫ አጠገብ ተቀምጦ ሲጋገር፣ ያም ሳይበቃ አሽከርካሪው በንዴት ሳያቋርጥ ሲያስዞረው ከተሠራለት ዓላማ ውጪ ይወድቃል። የመዳብ ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በ0.39 ከመቶ ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ የነበረ ሽቦ 100 ዲግሪ ሲደርስ ተቃውሞው በ31 ከመቶ ያድጋል ማለት ነው። ጠዋት ለጥቂት የተረፈው ኃይል ቀትር ላይ አይተርፍም።

ባለ 6 ቮልት መኪናዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። አንድ ኪሎዋት ጉልበት ለማግኘት በ12 ቮልት 83 አምፔር ያህል ሲበቃ በ6 ቮልት 167 ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓይነት ገመድ ውስጥ የሚባክነው ኃይልም አራት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ 12 ቮልት ሲሸጋገሩ፣ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው አነስተኛው ቮልስዋገን አብዛኛውን ጊዜ በ6 ቮልት እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። በዚህ መኪና ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቁልፉ ከፊት፣ ሞተሪኖው ከኋላ በመሆኑ የሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ቁልፉ ያረጀና ሽቦው የዛገ እንደ ሆነ፣ ሶሌኖይዱ በጋለ ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ወይም ጭራሹን ዝም ይላል። ብዙ ባለሙያዎች ሞተሪኖውን ለውጠዋል። በሞተሪኖው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሪሌ ማግባት ግን በብዙ መኪና ላይ ችግሩን አቃልሎታል።

በደጋና በቆላ መካከል

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ለሞተር ልዩ ፈተና ሆኖ ኖሯል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ማኖቬላ የሚሉት የጣልያንኛ ቃላት ሙያው በአገራችን በየት በኩል እንደ ተስፋፋ ይመሰክራሉ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚነዳ መኪና በተጻፈ መመሪያ የሚሠራ ሰው ግን በደጋው አገር ብዙ ነገር ይሳሳታል።

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም ከባሕር ዳርቻው በስምንትና በዘጠኝ ዲግሪ ያህል ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በዚያ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ የቤንዚን መርጫው ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡሬተር ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ከመጠን በላይ ወፍራም የነበረ ድብልቅ ደግሞ በመፍላት ትንሽ ሲጨመርበት ወዲያው ያሰጥማል። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ያቃተው መኪናም ውሃውን የሚያፈላው ከተጠበቀው አስቀድሞ ነው።

ለዚህ የዓባይን በረሃ የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በጥልቁ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በዝግታና በከባድ ማርሽ ይወጣል። ቬንትሌተሩ በቂ ነፋስ አያገኝም፤ ሞተሩ ግን ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። አናቱ ላይ ሲደርስ አሽከርካሪው ሻይ ለመጠጣት ያቆማል። ከቆላ ያመጣው ሙቀትና የደጋው ዝቅተኛ ግፊት የሚገናኙት በዚያች ሰዓት ነው። በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ በልምድ የተገኘ ዘዴ ሲሆን ሳይንሳዊ መሠረት አለው፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከብረቱ ይወስዳል፣ በውስጡ ያለው ተንም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጨርቁ ማስታገሻ ነው፤ ለሰጠመ ሞተርና ለደከመ ሞተሪኖ ደግሞ ምንም አይረዳም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ከታሪኩ የሚገኘው የሥራ ትምህርት አጭር ነው። ሕመሙ በሙቀት የሚመጣ ከሆነ ምርመራውም ሞተሩ እንደ ጋለ መደረግ አለበት። በብርድ የተለካ ሁሉ ደኅና ነው። ስለዚህ መኪናውን ነድቶ፣ አግሎ፣ አቁሞ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል እንጂ ጊዜ ማባከን አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ በተለመደው ፍጥነት ይዞራል ወይ የሚለው ነው። በዝግታ የሚዞር ወይም ጭራሹን የማይዞር ከሆነ ቤንዚኑን መመርመር ከንቱ ነው። በማስነሣት ላይ እያለ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው፣ ከሞተሩ አካልም እስከ ባትሪው መመለሻ ድረስ በገመዶቹ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ይለካል። በባለ 12 ቮልት መኪና በአንድ ወገን ከግማሽ ቮልት በላይ የጠፋ እንደ ሆነ ጥፋቱ የገመዱ፣ የማያያዣው ወይም የዝገቱ ነው። ብዙ ሞተሪኖ የተፈረደበት ሻንሲው ላይ በዛገ አንድ ቡሎን ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ እሳት አለ ወይ የሚለው ነው። ቦቢና ሲግል የውስጥ መከለያው ሊከዳ ይችላል፤ ኮንደንሰርም እንዲሁ። በብርድ ብርቱና ሰማያዊ የነበረው ብልጭታ በሙቀት ቀይና ደካማ ከሆነ ምክንያቱ ከዚህ ነው። ይህ ምርመራ ሲደረግ ግን በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን ወይም የቤንዚን ተን መኖር የለበትም። በጋለ የጭስ መውጫ አጠገብ ብልጭታና ተን ሲገናኙ የሚከተለው የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ቤንዚኑ በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ነው። የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ፣ ሞተሩ ሳይዞር፣ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እየተመለከቱ የነዳጅ ማገናኛውን አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ቤንዚን ካልተረጨ ገንዳው ባዶ ነው፤ ሞተሩ ተጠምቷል። ጉሮሮው የረጠበ፣ ሽታውም የከበደ፣ ካንዴላውም ሲፈታ እርጥብ ከሆነ ሞተሩ ሰጥሟል። ለሰጠመው ሞተር መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳይለቁና ሳይደጋግሙ ለጥቂት ሰኮንዶች ማስዞር ነው፤ ካልተነሣም ሞተሪኖውን አሳርፎ መመለስ። ምክንያቱ ሲታወቅ ዘላቂው ሥራ ይከተላል። ለሰጠመው የተንሳፋፊውን ልክና የመርፌውን መዝጊያ ማስተካከል፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ጓርኒሲዮን መግጠም፣ መርጫውን ለከፍታው የሚስማማ ማድረግ ነው። ለተጠማው መስመሩን ከጭስ መውጫው ማራቅ፣ በመካከል የብረት ጋሻ ማቆም፣ ትርፉን ወደ ታንክ የሚመልስ መስመር ማውጣት፣ ወይም በታንኩ አጠገብ ሆኖ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ማግባት ነው። ይህ የመጨረሻው ሞዴል ቲ የነበረውን ጥቅም መመለስ ነው፤ ነዳጁ እንደገና ከኋላው ይገፋል።

የቀረው ሙያ

ፋብሪካዎቹም በመጨረሻ የደረሱት ወደዚሁ ነው። ከ1967 ጀምሮ በቮልስዋገን መኪናዎች ላይ የተገጠመው በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቦሽ የነዳጅ መርጫ ቤንዚኑን ከከባቢው አየር በሁለት እጥፍ ያህል በሚበልጥ ግፊት ስለሚይዘውና ትርፉን እያዞረ ወደ ታንክ ስለሚመልሰው፣ ቤንዚኑ በቀላሉ አይፈላም። ይህ አሠራር ሲስፋፋ ካርቡሬተር ከአዳዲስ መኪናዎች ቀስ በቀስ ወጣ። ችግሩ ከትምህርት መጻሕፍት ጠፋ፤ ከመንገድ ላይ ግን አልጠፋም። በኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታሰብ ደግሞ፣ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ሊተኩ የማይችሉ፣ ጠጋኞቻቸውም እየተመናመኑ የሚሄዱ መሆናቸው ግልጽ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ታንኩን ወደ ኋላ የወሰደው፣ ካርቡሬተሩን ከላይ ያስቀመጠው፣ ማኖቬላውን ያስቀረው መሐንዲስ ሁሉ የተሰጠውን ችግር በትክክል ፈትቷል። እያንዳንዱ መፍትሔ ግን ለሚቀጥለው ባለሙያ ያልታሰበ ዕዳ ትቶ አለፈ። ያን ዕዳ ሲከፍል የኖረው በኮፈኑ ላይ አጎንብሶ በፀሐይ የሚሠራው ጠጋኝ ነው። እርሱ ዕቃ ከመለወጡ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች በጋለ ሞተር ላይ ከጠየቀ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቁ ዳግመኛ የማይሠራ ዕቃ ከመጣል ያድነዋል። ወጣቱ ሠራተኛ ከአጠገቡ ቆሞ ያንን መጠበቅ ሲያይ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።